ስድስት አንቀጾችና አንድ ቀን

ጣልያን የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የፈረመችው የሰላም ውል 90 አንቀጾች አሉት። ኢትዮጵያን ለይተው የሚመለከቱት ከ33ኛው እስከ 38ኛው ያሉት ስድስቱ ናቸው። ሻይ ሳይቀዘቅዝ ተነብበው ያልቃሉ። ጌጥ የላቸውም፤ የወራሪውን ግፍ አይዘረዝሩም፤ የአርበኛውን ጀግንነት አያወድሱም። የመጨረሻው እንዲያውም አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ጣልያንና ዜጎቿ በኢትዮጵያ ላይ ለፈጸሙት ማናቸውም ድርጊት ኃላፊነታቸው የሚቆጠርበት ቀን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1935 ነው ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.። የፋሺስት ጦር መረብን የተሻገረበት ዕለት ነው።

ይህን ቀን ያነበበ ሁሉ ተራ የታሪክ መረጃ ሊመስለው ይችላል። ጦርነቱ የተጀመረው ያን ዕለት ነው፤ ሌላ ምን ሊጻፍ ኖሯል? ነገሩ ግን እንደዚያ ቀላል አልነበረም። ለአሸናፊዎቹ መንግሥታት ከጣልያን ጋር የተደረገው ጦርነት የሚጀምረው ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ላይ ነው፤ ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ባወጀበት ቀን። በዚያው ውል ውስጥ የሌሎቹ አገሮች ዜጎች በጣልያን የነበራቸው መብትና ጥቅም የሚሰላው ከዚያ ቀን ተነሥቶ ነው። በሁለቱ ቀኖች መካከል አራት ዓመት ከስምንት ወር አለ። የመርዝ ጋዙ፣ ማይጨው፣ የየካቲት 12ቱ የአዲስ አበባ እልቂት፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት መረሸን፣ የአክሱም ሐውልት ተነቅሎ ወደ ሮም መወሰዱ፣ ሁሉም የወደቁት በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ውሉ የአውሮፓን አቆጣጠር ብቻ ተከትሎ ቢጻፍ ኖሮ ያ ሁሉ መከራ «ከጦርነቱ በፊት» ተብሎ ማንም የማይጠየቅበት ሆኖ በቀረ ነበር። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚለው ያበው ብሂል በዓለም አቀፍ ውል ውስጥ እንዲህ በአንድ ቀን ተተርጉሞ ማየት ብርቅ ነው።

በፓሪሱ ጉባኤ የኢትዮጵያን ጉዳይ ይዘው ከተሟገቱት ግንባር ቀደሙ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነበሩ። ስለ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ሥልጣናቸውና አሟሟታቸው ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ ደርግ ረሸናቸው፤ እዚያ ላይ ይዘጋል። እኔን የሚማርከኝ ግን ሙያቸው ነው። ጦር የሌለው፣ ገንዘብ የሌለው፣ ወዳጅ የማይበዛለት አገር ጉዳይ በወረቀት ላይ እንዴት ይቀመጣል? የትኛው ቃል የት ይገባል? ዛሬ የማይገኘው ነገር ነገ እንዲገኝ ምን ተብሎ ይጻፋል? ይህን የሚያውቅ እጅ ነበራቸው።

አክሊሉ የተወለዱት በ1904 ዓ.ም. ነው። አባታቸው አለቃ ሀብተ ወልድ ካህን ነበሩ። ከዚያ አንድ ቤት ሦስት ሚኒስትሮች ወጡ፤ መኮንን፣ አካለ ወርቅና አክሊሉ። ከመሳፍንቱ ወገን አይደሉም፤ ከኋላቸው የሚያሰልፉት የራስ ጦርም ሆነ የሚያስፈራ የዘር ሐረግ አልነበራቸውም። መመኪያቸው ትምህርትና የንጉሠ ነገሥቱ አመኔታ ነበር። አክሊሉ እስክንድርያ በፈረንሳይ ሊሴ ተምረው ወደ ፓሪስ ተሻገሩና ሕግ አጠኑ። ጣልያን አገራቸውን ስትወር እዚያው ነበሩ፤ በፓሪሱ የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ውስጥ ማገልገል ጀመሩ።

አገሩ የተያዘበት ሌጋሲዮን ምን ይሠራል? ደብዳቤ ይጽፋል፤ ያመለክታል፤ ይቃወማል፤ ደጅ ይጠናል። በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ እንግሊዝና ፈረንሳይ የጣልያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብለው ተቀበሉ። በዱር በገደሉ የሚዋጋው አርበኛ ገና አልተሸነፈም፤ በዲፕሎማሲው መዝገብ ላይ ግን ኢትዮጵያ የምትባል አገር ተሰርዛለች። ይህን ነገር በጋዜጣ ማንበብ አንድ ነው፤ የተሰረዘውን መንግሥት ወክሎ በዚያው ከተማ መኖር ሌላ ነው። በኋላ አክሊሉ የሠሯቸውን ውሎች ላነበበ ሰው የፓሪሱ ትምህርት ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ አገር በወረቀት ሊጠፋ እንደሚችል ያየ ሰው ወረቀትን አይንቅም።

ከድል በኋላም የጠበቃቸው ወረቀት ነበር። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ስምምነት አገሪቱን ነፃ አወጣ ይባል እንጂ እጇን ጠምዝዞ የያዘ ነበር። የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሌሎች የውጭ መልእክተኞች ሁሉ በፊት ይቀመጣል። ንጉሠ ነገሥቱ ተጨማሪ የውጭ አማካሪ ሲሾሙ ከእንግሊዝ ጋር መመካከር አለባቸው። ኦጋዴንና «የተከለለው ቦታ» የተባለው ምድር፣ የምድር ባቡሩም ጭምር፣ በእንግሊዝ ጦር እጅ ቀሩ። አክሊሉ የውጭ ጉዳይ ምክትል ሚኒስትር ሆነው፣ አሜሪካዊው የሕግ አማካሪ ጆን ስፔንሰርም ከጎናቸው ተቀምጠው፣ ይህን ስምምነት በሌላ ለመተካት ሥራ ተጀመረ።

አዲሱ ስምምነት ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. ተፈረመ። የእንግሊዝ ቅድሚያ ተነሣ፤ ባቡሩ ተመለሰ። ኦጋዴን ግን አልተመለሰም። ጦርነቱ አላለቀም፤ እንግሊዝ መሬቱን አልለቅም ብላለች፤ ኢትዮጵያ ማስገደጃ የላትም። ለተራ ተደራዳሪ ይህ ሽንፈት ነው። የሰባተኛውን አንቀጽ አጻጻፍ ግን እንይ። ኢትዮጵያ እንደ ጦር ጓደኛ ለጦርነቱ አስተዋጽኦ ለማድረግ ስትል፣ በምድሩ ላይ ያለው መሠረታዊ ልዑላዊነት ሳይነካ፣ ስምምነቱ እስከሚቆይበት ጊዜ ድረስ አካባቢው በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር እንዲሆን ትስማማለች ይላል። በዚህ አጭር አንቀጽ ውስጥ ሦስት ነገር ተቀምጧል። መሬቱ የተነጠቀ መሆኑ ቀርቶ በፈቃድ የተሰጠ ሆኗል። ሰጪው ባለቤት መሆኑን ተቀባዩ ፈርሞ አምኗል። የስጦታውም ዕድሜ ከስምምነቱ ዕድሜ ጋር ታስሯል። እንግሊዝ መሬቱን ወሰደች፤ ኢትዮጵያ ባለቤትነቱን ያዘች።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳልነበረ ለማየት ብዙ ጊዜ አልፈጀም። በ1938 ዓ.ም. የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኧርነስት ቤቪን ሶማሌ የሚኖርባቸውን ግዛቶች ሁሉ ኦጋዴንን ጨምሮ አጠቃልለው በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር ለማድረግ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡን ለመቃወም አዲስ አበባ አዲስ መከራከሪያ መፈለግ አላስፈለጋትም፤ የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ የፈረመበት ሰነድ በእጇ ነበር። ከዚያ የኦጋዴን ዋናው ክፍል በ1941 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመለሰ። ሐውድና የተከለለው ቦታ ደግሞ ኅዳር 20 ቀን 1947 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት ተመለሱ። ከመጀመሪያው ፊርማ እስከ መጨረሻው አሥር ዓመት ያህል ነው። ጦርነት አልተደረገበትም።

አሁን ወደ ፓሪስ እንመለስ። በሳን ፍራንሲስኮ የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ሰኔ 19 ቀን 1937 ዓ.ም. ሲፈረም ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ሆነች፤ አክሊሉም ከፈራሚዎቿ አንዱ ነበሩ። ቢሆንም ከጣልያን ጋር በሚደረገው የሰላም ድርድር የሷ ቦታ ወዲያው የተጠበቀላት አልነበረም። የጦር ወንጀሎችን የሚመረምረው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን እንኳ የኢትዮጵያን ክስ ለማየት ብዙ አመንትቷል፤ የአቢሲንያ ጦርነት ሌላ፣ የዓለም ጦርነት ሌላ የሚል ክርክር ነበርና። ሐምሌ 22 ቀን 1938 ዓ.ም. በሉክሰምቡርግ ቤተ መንግሥት የሰላሙ ጉባኤ ሲከፈት ከተቀመጡት 21 አገሮች መካከል ኢትዮጵያ አንዷ መሆኗ ራሱ ትልቅ ሥራ ነበር።

ስድስቱን አንቀጾች በቅደም ተከተል ለሚያነብ ሰው የገበሬ አጥር አሠራር ይታየዋል፤ ካስማው ይተከላል፣ ማገሩ ይታሰራል፣ እሾሁ የሚደረበው በመጨረሻ ነው። 33ኛው ካስማው ነው፤ ጣልያን የኢትዮጵያን ልዑላዊነትና ነፃነት ታውቃለች፣ ለማክበርም ግዴታ ትገባለች። ግልጽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህች አገር ከመዝገብ ተሰርዛ እንደነበር ካስታወስን ሌላው ሁሉ በዚህ ላይ እንደቆመ ይገባናል።

በ34ኛው ደግሞ የጣልያን መንግሥት ኢትዮጵያ ውስጥ የነበረውን ንብረት፣ መብትና ጥቅም ሁሉ ለኢትዮጵያ ይለቃል። ከዚህ ነፃ የሆነው የተለመደው የኤምባሲና የቆንስላ ቤት ብቻ ነው። እዚህ ላይ የጊዜ መለኪያው ተለውጧል። «ከመስከረም 22 ጀምሮ» አይልም፤ «በማናቸውም ጊዜ የተገኘ» ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጣልያን ኢትዮጵያ ውስጥ ልዩ ጥቅም አለኝ ማለት የጀመረችው በ1928 አይደለም። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን ምኒልክን ሳያማክሩ አገሪቱን በጥቅም ቀጣና የተከፋፈሉበት የሦስትዮሽ ውል ነበር። ስለዚህ ያው አንቀጽ ጨምሮ ጣልያን በኢትዮጵያ ልዩ ጥቅም ወይም ተሰሚነት አለኝ የሚለውን ይገባኛል ባይነቷን ሁሉ እንድትተው ያደርጋል። ወረራውን የሚቆጥረው ቀን ለአሮጌው በደል እንደማይደርስ የጻፈው ሰው አውቆታል፤ ለአሮጌው ሌላ መለኪያ አበጀለት።

35ኛው አንቀጽ ኢትዮጵያ የጣልያንን ሕግና ድንጋጌ ለመሻር የወሰደችውንም ሆነ ወደፊት የምትወስደውን እርምጃ ሕጋዊነት ያጸናል። «የወሰደችውንም» ብቻ ቢል ኖሮ ከፊርማው በኋላ የሚወጣ አዋጅ ሁሉ ለክርክር ይጋለጥ ነበር። 36ኛው ስለ ጣልያናውያን ነዋሪዎች ነው። እንደ ሌሎች የውጭ ዜጎች ሁሉ እኩል የሕግ አቋም ይኖራቸዋል ይላል፤ በሌላ በኩል በወረራው ዘመን የተሰጣቸውን ልዩ መብት ኢትዮጵያ በአንድ ዓመት ውስጥ ብትሽር ጣልያን መቃወም አትችልም። ቂም የለበትም፤ ሞኝነትም የለበትም። ጋራዥና ወፍጮ ይዞ የቀረውን ጣልያናዊ አላባረረም፤ ልዩ መብቱን ግን ወሰደ።

ከሁሉ ረጅም ዕድሜ ያገኘው 37ኛው ነው። ጣልያን ውሉ ከጸናበት ቀን አንሥቶ በ18 ወር ውስጥ፣ ከመስከረም 22 ቀን 1928 ወዲህ ከኢትዮጵያ የወሰደቻቸውን የኪነ ጥበብ ሥራዎች፣ የሃይማኖት ንዋያት፣ መዛግብትና ታሪካዊ ዋጋ ያላቸው ዕቃዎች ትመልሳለች ይላል። ልብ ብሎ ላነበበው የአክሱም ሐውልት በስም አልተጠራም። በስም መጥራት ደስ ያሰኛል፤ ጉዳት ግን አለው። በስም የተጠራው ይመለስና ያልተጠራው ይረሳል። በዓይነት ሲዘረዝር ግን የሚታወቀውንም ገና የሚደረስበትንም ያካትታል። ደግሞም ንብረትነቱ «የኢትዮጵያ ወይም የዜጎቿ» ይላል፤ የመንግሥት ብቻ ቢል ከግለሰብ ቤት የተዘረፈው ወደ ውጭ ይቀር ነበር።

ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። 18 ወሩ ካለፈ ምን ይሆናል የሚለውን አንቀጹ አልመለሰም፤ ጣልያንም አልቸኮለችም። በየካቲት 1948 ዓ.ም. በተፈረመው የካሣ ስምምነት ሐውልቱን ለመመለስ እንደገና ግዴታ ገባች፤ ያም ሳይፈጸም ብዙ አሥርት ዓመታት አለፉ። ሆኖም ጥያቄው በተነሣ ቁጥር ኢትዮጵያ የምትመዝዘው ያንኑ አንቀጽ ነበር። 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሐውልት በሦስት ተከፍሎ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. አክሱም ገባ፤ በ2000 ዓ.ም. ቆመ። አክሱም የገባው ከፊርማው 58 ዓመት በኋላ፣ ተደራዳሪው ከሞቱ ከ30 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሐውልቱ ወደ ጣልያን የተጓጓዘው በ1929 ዓ.ም. ነበር፤ መስከረም 22 ቀን 1928 በውሉ ውስጥ ባይኖር ኖሮ በአቆጣጠሩ ውስጥ ባልገባ ነበር።

ካሣው ግን አነስተኛ ነው። 74ኛው አንቀጽ ለዩጎዝላቪያ 125 ሚሊዮን፣ ለግሪክ 105 ሚሊዮን፣ ለሶቪየት ኅብረት 100 ሚሊዮን ዶላር ሲሰጥ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ነው የመደበው። አዲስ አበባ ከጠየቀችው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። አክሊሉ በገንዘቡ ላይ አጥብቀው ሲከራከሩ ዋናውን ነገር ቢያጡ ኖሮ ዛሬ የምናስታውሰው የካሣውን መጠን ብቻ ነበር። በኋላ ከካሣው የተሠራው የቆቃ ግድብ መብራት ሰጥቷል፤ ከአገሪቱ ጋር የቀረው ትልቁ ሀብት ግን አንቀጾቹ ናቸው።

ሁሉንም ብቻቸውን ሠሩት ማለት ሐሰት ይሆናል። ንጉሠ ነገሥቱ እያንዳንዱን እርምጃ ይከታተሉ ነበር። ስፔንሰር ነበሩ፤ ብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅንን የመሳሰሉ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ቢሆንም የአንድ ሰው እጅ ይታወቃል። ከ1937ቱ አንቀጽ 7 እስከ 1939ኙ አንቀጽ 38 የሚሄደው መንገድ አንድ ነው። የሚገኘውን መውሰድ፣ የማይገኘውን መብት ግን በጽሑፍ ማስጠበቅ፤ ጊዜን ከራስ ወገን ማሰለፍ። በሁለቱም የአሸናፊው አገር ፊርማ ለነገው ክርክር ማስረጃ ሆኖ ተቀምጧል።

ይኸው እጅ ኤርትራ ላይ ደግሞ ከሁሉ የከበደውን ሥራ ሠራ። በሰላሙ ውል 23ኛ አንቀጽ ጣልያን ቅኝ ግዛቶቿን ለቀቀች፤ ለማን እንደሚሰጡ ግን አራቱ ኃያላን በአንድ ዓመት ውስጥ ይወስናሉ፣ ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ይሄዳል ተባለ። አልተስማሙም። ጉባኤው ዘንድ 20 የላቲን አሜሪካ አገሮች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ለጣልያን የሚያደሉ ነበሩ። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛውን የሚያህል ድምፅ ነው። በ1941 ዓ.ም. የቤቪን–ስፎርዛ ዕቅድ የተባለው ቀረበ፤ የኤርትራን ምዕራብ ለሱዳን፣ የቀረውን ለኢትዮጵያ የሚያደርግ ነበር። ትሪፖሊታንያን ለጣልያን ሞግዚትነት የሚሰጠው ክፍል በአንድ ድምፅ ሲወድቅ ዕቅዱ ሁሉ አብሮ ወደቀ። ወሳኟ ድምፅ የሄይቲ ነበረች። ለአክሊሉ ሁለት ዓመት የተለፋበት ነገር በአንድ ቀን ተናደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የትዕግሥት ነው። አምስት አገሮች የተወከሉበት ኮሚሽን ወደ ኤርትራ ተላከ፤ በርማ፣ ጓቲማላ፣ ኖርዌይ፣ ፓኪስታንና ደቡብ አፍሪካ። በአንድ ሐሳብ መስማማት አቃታቸው። ሙሉ ውሕደት ድምፅ አያገኝም፤ ነፃነት የሚለውን አዲስ አበባ አትቀበልም። በመጨረሻ የመጣው መካከለኛው መንገድ ነው። ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤው በ46 ድጋፍ፣ በ10 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተአቅቦ ውሳኔ ቁጥር 390ን አጸደቀ። ኤርትራ በኢትዮጵያ ዘውድ ልዑላዊነት ሥር ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተዋሐደች ራስ ገዝ ክፍል ሆነች። አንድ ዓመት ተኩል ቀደም ሲል በአንድ ድምፅ ከተሰበረ ጉባኤ 46 ድምፅ ማውጣት ችሎታ ይጠይቃል።

የውሳኔው የመጀመሪያዎቹ ሰባት አንቀጾች የፌዴራል አክት ይባላሉ። መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ፣ የውጭና የክፍለ ግዛቶች ንግድ፣ ወደቦችን ጨምሮ የውጭ መገናኛ ለፌዴራሉ መንግሥት ተሰጡ። የቀረው ለኤርትራ፤ የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ አስፈጻሚ፣ የራሷ ፍርድ ቤት። ከሁለቱም ወገን በእኩል ቁጥር የተውጣጣ የንጉሠ ነገሥቱ ፌዴራላዊ ምክር ቤት በዓመት አንዴ ቢያንስ ይሰበሰባል። አንድ ዜግነት ብቻ ይኖራል። አጻጻፉ ንጹሕ ነው። ሥልጣኑ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ይታያል።

የተሰነጠቀው ግን እዚያው ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ለብቻው የቆመ አካል አልነበረም፤ የአዲስ አበባው የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ራሱ ነበር። ሁለቱ ወገኖች ሲጋጩ በመካከላቸው የሚዳኝ ቤት አልተሠራም፤ ፌዴራላዊው ምክር ቤት መምከር እንጂ መወሰን የሚችል አልነበረም። አክሊሉ ከእንግሊዝና ከጣልያን ጋር ሲዋዋሉ ሌላውን ወገን የሚያስር ነገር ይፈልጉ ነበር። እዚህ መታሰር የነበረበት የራሳቸው ወገን ነበር። የራስን ጌታ የሚያስር አንቀጽ መጻፍ ሌላ ድፍረት ይጠይቃል። ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ ጠቅላይ ግዛት ስትሆን ጠቅላይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ነበሩ። የዚያ መፍረስ ዋጋ ሠላሳ ዓመት ጦርነት ሆነ።

የዲፕሎማትነት ስማቸው ውጭ አገርም ተሰምቶ ነበር። በ1948 ዓ.ም. ግብፅ የስዊዝን ቦይ ስትወርስ ለንደን ላይ ከተሰበሰቡት መንግሥታት አምስት አገሮች ተመርጠው ከናስር ጋር እንዲነጋገሩ ተላኩ፤ አውስትራሊያ፣ ኢራን፣ ስዊድን፣ አሜሪካና ኢትዮጵያ። በአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ሜንዚስ የተመራው ቡድን አንዱ አባል አክሊሉ ነበሩ። ንግግሩ አልሠመረም። ለእኛ የሚያስፈልገው ግን ከሃያ ዓመት በፊት ከመዝገብ የተሰረዘች አገር ተወካይ በዓለም ትልቁ ጉዳይ ላይ ከመካከል መቀመጡ ነው።

የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ዘመን በፍጥነት ማለፍ ይቻላል፤ ሙያቸው የታየበት እዚያ አይደለምና። ከታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ፣ ወንድማቸው መኮንን በገነተ ልዑል ከተገደሉት ባለሥልጣናት አንዱ በሆኑበት ዓመት፣ በሚያዝያ 1953 ተሾሙ። የጸሐፌ ትእዛዝነቱንም ማኅተም ይዘው ቆዩ። በ1958 ዓ.ም. ሚኒስትሮቻቸውን ራሳቸው መርጠው እንዲያቀርቡ ተፈቀደላቸው፤ የመጨረሻው ቃል ግን የዙፋኑ ነበር። የመሬት ይዞታ ማሻሻያው ዓመት ከዓመት ሲንከባለል፣ ወሎ ሲራብ፣ ተማሪው ሲጮኽ፣ የአክሊሉ ጥንቃቄ መልስ አልሆነም። ከእንግሊዝ ጋር ሲደራደሩ ጥንካሬ የነበረው ትዕግሥት አገር ውስጥ ሲመጣ መዘግየት ሆነ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥልጣን ለቀቁ፤ ብዙም ሳይቆይ ታሰሩ።

በእስር ቤት ሳሉ የጻፉት ከብዙ ዓመት በኋላ «የአክሊሉ ማስታወሻ» ተብሎ በመጽሐፍ ታትሟል። መርማሪ የሚጠይቀው ስለ ሙስናና ስለ ረኃብ ነበር፤ እሳቸው ሰፊውን ቦታ የሰጡት ለድርድሩ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ ወንድማቸው አካለ ወርቅ ጭምር ካሉበት ከ50 በላይ የቀድሞ ባለሥልጣናትና የጦር መኮንኖች ጋር ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ለአገር ውል ሲጽፉ የኖሩ ሰው ለራሳቸው አንድ የክስ ወረቀት እንኳ አላገኙም።

ታዲያ ፍርዱ ምን ይሁን? የባለሥልጣንን ሥራ በንግግሩ ወይም በደጋፊው ብዛት መመዘን ቀላል ነው። ውልን ግን የሚፈትነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጸሐፊው በሌለበት ይሠራል ወይስ አይሠራም? የ1937ቱ አንቀጽ 7 ሠራ። የ1939ኙ አንቀጽ 37 ዘግይቶም ቢሆን ሠራ፤ አንቀጽ 38ም አብሮት። የፌዴራሉ አክት አልሠራም፤ እዚያ ጥፋቱ በአጻጻፉ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ያጸደቁት ሰዎች ሊጠብቁት ባለመፈለጋቸውም ነው፤ ከእነዚያም አንዱ ራሳቸው አክሊሉ ናቸው። አክሊሉ ባዕድን በቃል በማሰር በኢትዮጵያ የዘመናችን ታሪክ ወደር የሚገኝላቸው አይመስለኝም። የራሳቸውን መንግሥት በቃሉ ማሰር ግን አልቻሉም፤ ወይም አልደፈሩም። ዛሬ በውጭ ጉዳይም ሆነ በሕግ ትምህርት ቤት ያላችሁ ወጣቶች ሁለቱንም ተማሩ፤ ከመጀመሪያው የአንቀጽ አጻጻፍን፣ ከሁለተኛው ደግሞ የፈረሙትን የማክበርን ዋጋ።